ስለ ኦሪዮን ከዋክብት፤ ስማቸውና ነገራቸው

መጽሐፈ ኢዮብን የሚያነብ ሰው በምዕራፍ 9 እና በምዕራፍ 38፣ ትንቢተ አሞጽንም የሚያነብ በምዕራፍ 5 ኦሪዮን የሚባል ስም ያገኛል። የአማርኛው ትርጉም በአንዳንዱ ስፍራ «ኮከብ» ብሎ በነጠላ ስለሚጠራው፣ ብዙዎች አንባብያን እንደ አጥቢያ ኮከብ ያለ አንድ ብቻውን የሚያበራ ኮከብ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ኦሪዮን የብዙ ከዋክብት ጉባኤ ሲሆን፣ አቀማመጣቸው ወገቡን ታጥቆ የቆመ ሰው መልክ አለው። ከዚህም በላይ ስሙ ከዕብራይስጡ የተገኘ ሳይሆን የግሪክ አረማውያን በተረታቸው ያወድሱት የነበረ የአንድ አዳኝ ስም ነው። እንዲህ ያለ ስም ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንዴት ገባ? ተማሪው መምህሩን ይህን ቢጠይቅ መልሱ አጭር አይደለም። ደግሞም የኢትዮጵያ ካህናትና ደባትር ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት አንድ ቃል በዚሁ መልስ ውስጥ ይገኛል።

አስቀድሞ ዐይን ይመልከተው። በልደት ዋዜማ ሌሊት በቤተ ልሔም የቆመ ተሳላሚ ሰማዩ ጥርት ያለ እንደ ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊቱን ወደ ደቡብ ቢያዞርና ቀና ቢል፣ ይህ ሰው መሰል የከዋክብት ማኅበር ከአድማሱ ከፍ ብሎ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያያል። በመካከል ሦስት ከዋክብት እንደ ዝናር በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፤ ከዚህ የሚበልጥ ምልክት ስለሌለው መፈለጊያው ይኸው ነው። ከዝናሩ በላይ በግራ በኩል ቀላ ያለ ታላቅ ኮከብ አለ፤ ስሙ ቤተልጌዝ ይባላል፤ በቀኝ በኩል ያለው ቤላትሪክስ ነው። እነዚህ ሁለቱ እንደ ትከሻ ናቸው። ከዝናሩ በታች በቀኝ በኩል ነጭና ሰማያዊ የሚመስለው ሪጀል፣ በግራ በኩል ያለው ሳይፍ ሲሆኑ የእግሩን ስፍራ ይዘዋል። ከዝናሩ ሥር ደግሞ ደከም ያሉ ጥቂት ከዋክብት ወደ ታች ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ ይህ ሰይፉ ነው።

ይኸው ማኅበር ከኢትዮጵያ ሲታይ ከዚህ ይልቅ ከፍ ይላል። ኢየሩሳሌም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 32 ዲግሪ ገደማ፣ አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ፣ በቤተ ልሔም በደቡብ ሰማይ የሚታየው ቤተልጌዝ በአዲስ አበባ ከራስ አናት ላይ ያልፋል ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከሦስቱ የዝናር ከዋክብት በቀኝ ጫፍ ያለው ሚንታካ ደግሞ ለካህናት የሚጠቅም ጠባይ አለው። በሰማይ ወገብ ላይ ሊያርፍ ጥቂት ብቻ የቀረው ስለ ሆነ፣ ተመልካቹ በየትኛውም አገር ቢሆን በትክክል በምሥራቅ ወጥቶ በትክክል በምዕራብ ይገባል። ፀሐይ ይህን የምታደርገው ሌሊትና ቀን በሚተካከሉባቸው በዓመቱ ሁለት ቀኖች ብቻ ነው። ሌሊት በማያውቀው ምድረ በዳ ለጸሎት ወደ ምሥራቅ ሊዞር የሚፈልግ ሰው ሚንታካ ሲወጣ ቢያየው ሌላ መሪ አያሻውም።

የግሪኮች ተረት ስለ ኦሪዮን የሚናገረው አንድ ዐይነት አይደለም። ከሁሉ የቀደመው ባለ ቅኔ ሆሜር የንጋት አምላክ የምትባለው ኤኦስ እንደ ወደደችውና አርጤምስ እንደ ገደለችው ያወሳል፤ በሙታን ስፍራም ሳለ በሕይወቱ የገደላቸውን አራዊት የናስ ዱላ ይዞ ሲነዳ እንደ ታየ ይተርካል። ሌሎች ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ ኦሪዮን ኪዮስ በምትባል ደሴት የንጉሡን የኦይኖጲዮንን ልጅ ስለ ደፈረ ንጉሡ በወይን ጠጅ አስክሮ ዐይኑን አጠፋው። ዕውሩም አንጥረኛው ሄፋይስጦስ ወደሚሠራበት ስፍራ ሄዶ ቄዳልዮን የሚባለውን አገልጋይ በትከሻው ላይ አስቀመጠና በእርሱ መሪነት ወደ ፀሐይ መውጫ ተጓዘ፤ ፀሐይም ስትወጣ ዐይኑ በራለት። ዕውሩ ግዙፍ ሰው ትንሹን ሰው መሪ አድርጎ ወደ ምሥራቅ መሄዱ ከተረቶቹ ሁሉ የተሻለው ክፍል ነው።

ስለ አሟሟቱ ከሚነገረው ግን ሰማዩን ለሚመለከት ሰው የሚጠቅመው የጊንጡ ተረት ነው። ኦሪዮን በምድር ላይ ያለውን አውሬ ሁሉ እገድላለሁ ብሎ ስለ ታበየ ምድር ጊንጥ ላከችበትና ነደፈው ይባላል። ተረቱ ከምን እንደ ተነሣ ግልጽ ነው፤ ዐቅረብ የሚባለው የጊንጥ ኮከብ በምሥራቅ ሲወጣ ኦሪዮን በምዕራብ ይገባልና፣ ሁለቱ በአንድነት በሰማይ ላይ ከፍ ብለው አይታዩም። የጥንት ሰዎች አስቀድመው ያዩት ይህን ነበር፤ ታሪኩን ያበጁለት ኋላ ነው። ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉትን የአትላስ ሴቶች ልጆች ያሳድዳል የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ሰባቱ ከዋክብት በምሥራቅ ይቀድማሉ፣ ኦሪዮን ይከተላቸዋል።

ግሪኮች ከመጻፋቸው በፊት በባቢሎን አገር የነበሩት ሰማይ ተመልካቾች ይህንኑ ማኅበር አዳኝ ሳይሆን እረኛ ብለው ጠርተውታል፤ በሸክላ ጽላት ላይ የቀረው ስሙ «የአኑ ታማኝ እረኛ» ማለት ነው። ግብፃውያን ሣሕ ብለው ከአምላካቸው ከኦሲሪስ ጋር አገናኙት። ከዝናሩ ሦስት ከዋክብት ጋር የዐይን መስመር ወደ ታች ወደ ግራ ቢሳብ ከከዋክብት ሁሉ ብሩህ የሆነው ሲሪየስ ይገኛል፤ ግብፃውያን ሶፕዴት ይሉት የነበረው ነው። ይህ ኮከብ ሰባ ቀን ያህል ከፀሐይ ብርሃን የተነሣ ተሰውሮ ቆይቶ እንደ ገና በማለዳ ሲወጣ የአባይ ውሃ መሙላት ይጀምር ስለ ነበር፣ የዓመታቸውን መጀመሪያ በእርሱ ይጠብቁ ነበር። በዚያ ወራት ግብፅን የሚያጥለቀልቀው ውሃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርደው የክረምት ዝናም ነበርና፣ ግብፃዊው ገበሬ በሰማይ ምልክቱን ሲያይ በጎጃምና በወሎ ደመናው ዘንቦ ነበር ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ምድርም ከዋክብትን ለዘመን መቍጠሪያ የሚጠቀሙ ሕዝቦች አሉ። በደቡብ የሚኖሩት ቦረናዎች አያንቱ የሚባሉ አዋቂዎች አሏቸው፤ እነዚህም ጨረቃ ከሰባት የከዋክብት ምልክቶች ጋር የምትገናኝበትን እየተመለከቱ ወሩንና ቀኑን ይወስናሉ። ከሰባቱ ምልክቶች ሦስቱ፣ ይኸውም ቤላትሪክስ፣ የዝናሩና የሰይፉ ከዋክብት፣ እንዲሁም ሳይፍ ከኦሪዮን ውስጥ ናቸው፤ ሲሪየስም ከሰባቱ አንዱ ነው። ይህን ሥርዐት አስመሮም ለገሠ በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ ለውጭ አንባብያን ገልጠውታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የቦረና ሽማግሌ በጽሑፍ ሰሌዳ ሳይረዳ ይህን ሁሉ በቃሉ መያዙ ባሕረ ሐሳብን ለተማረ ሰው ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ አይሰወረውም።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። በዕብራይስጡ የተጻፈው ስም ኦሪዮን አይደለም፤ ከሲል ነው። ይህ ቃል በመጽሐፈ ምሳሌ ደጋግሞ ሲገኝ ሰነፍ፣ አላዋቂ ማለት ነው። ለምን ኮከብ በእንዲህ ያለ ስም እንደ ተጠራ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል፤ በፈጣሪው ላይ የታበየ ኀያል ሰው ታስሮ በሰማይ ተሰቅሏል የሚል አሮጌ ታሪክ ከስሙ በስተ ጀርባ ሳይኖር አይቀርም የሚሉ አሉ። የሶርያው ትርጉም ከሲልን «ጋባራ»፣ ማለት ኀያል፣ ግዙፍ ብሎ መለሰው። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ የግሪክ ዜና መዋዕል ጸሐፍት ኦሪዮንን ከአዳኙ ከናምሩድ ጋር አንድ አድርገውታል። ኦሪት ዘፍጥረት ናምሩድን አዳኝ ስለሚለው ግምቱ መነሻ የለውም አይባልም፤ ነገር ግን ግምት ነው።

የሰባው ሊቃናት ትርጉም በተዘጋጀ ጊዜ ተርጓሚዎቹ ችግር ገጠማቸው። ከሲል የሚለውን እንዳለ ቢተዉት የግሪክ አንባቢ ምንም አያስተውልም፤ በግሪክ ቋንቋ ደግሞ ያ ማኅበር ከኦሪዮን በቀር ሌላ ስም የለውም። ስለዚህ በኢዮብ 38 እና በኢሳይያስ 13 ኦሪዮን ብለው ጻፉ። በኢዮብ 9 ግን ሄስፔሮን፣ ማለት የምሽቱን ኮከብ አስገቡ፤ በአሞጽ 5 ደግሞ የከዋክብቱን ስም ጨርሰው ትተው ሁሉን የሚፈጥር በሚል ቃል አለፉት። የግእዙ ብሉይ ኪዳን ከግሪኩ የተተረጐመ፣ አሁን በእጅ ያለው አማርኛ ግን ከዕብራይስጡም ጋር የተገናዘበ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ጐን ለጐን የሚያነብ መምህር በእነዚህ ስፍራዎች ልዩነት ቢያገኝ ከጸሐፊ ስንፍና የመጣ ነው ብሎ ሊፈርድ አይገባም።

የችግሩን ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ግን ሄሮኒሞስ ነው። ይህ ሊቅ ከ386 ጀምሮ እስከ ዕረፍቱ ድረስ በቤተ ልሔም ተቀምጦ ብሉይን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን ተረጐመ። ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉት በዕብራይስጥ ኪማ ይባላሉ፤ ሄሮኒሞስ ይህን አንዱን ቃል በሦስት ስፍራ በሦስት ዐይነት መለሰው፤ በኢዮብ 9 ሒያደስ፣ በኢዮብ 38 ፕልያደስ፣ በአሞጽ 5 አርክቱሮስ አለው። ከሲልንም በሁለት ስፍራ ኦሪዮን፣ በአንዱ አርክቱሮስ አድርጎታል። የዕብራይስጥ ሊቅ የነበረ፣ ከአይሁድ መምህራንም የተማረ ሰው እንዲህ ካመነታ፣ የከዋክብት ስም በቋንቋና በቋንቋ መካከል ሲሻገር ምን ያህል እንደሚንሸራተት መረዳት ይቻላል። አረማዊ ስም በመጽሐፍ መግባቱን ግን እንደ ነውር አልቈጠረውም። አሞጽን በተረጐመበት መጽሐፉ ያስረዳው አሳብ ይህ ነው፦ እነዚህን ስሞች ስንሰማ የባለ ቅኔዎቹን ተረት ልንከተል አይገባም፤ ዕብራውያን በራሳቸው ስም የጠሩትን እኛ የምናውቀው ከልማድ በተማርነው ስም ብቻ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ለማስረዳት በሚታወቀው ስም ተጠራ። ለተማሪው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አልተገኘም።

ስም መንሸራተቱ በተርጓሚዎች ብቻ አልቀረም። የጥንት ዐረቦች ይህንን ማኅበር አል ጀውዛ ይሉት ነበር፤ ብዙዎች «የመካከሏ» ብለው ይፈቱታል፤ በእነርሱ አነጋገር ሴት ናት። ኋላ የግሪኮችን የከዋክብት መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ሲመልሱ የግሪኩን አዳኝ አል ጀባር፣ ማለት ኀያሉ አሉት፤ አል ጀውዛ የሚለው ስም ደግሞ ከዐሥራ ሁለቱ የፀሐይ መንገድ ክፍሎች ለመንትዮቹ ተሰጠ። አሁን ካህናቱ የሚያውቁት ቃል የት እንዳለ ይታያል። በኢትዮጵያ የሐሳበ ከዋክብት መጻሕፍት ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እየተባለ የሚቈጠረው የዐሥራ ሁለቱ ዝርዝር ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ገውዝ ማለትም ይኸው ጀውዛ ነው። አውደ ነገሥትን ገልጦ የሰውን ስም በፊደል ቍጥር ደምሮ «ኮከብህ ገውዝ ነው» የሚል ሰው፣ የሚጠራው ስም አስቀድሞ የሌላ ማኅበር ስም እንደ ነበረ አያውቅም። የሰው ዕድል በእንዲህ ባለ ከቤት ወደ ቤት በዞረ ስም ይታወቃል ማለት ምን ያህል እንደሚያዋጣ አስተዋይ ይፍረድ።

የከዋክብቱ የተናጠል ስሞች አብዛኞቹ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ በዐረብኛ ናቸው። ሪጀል ሪጅል ከሚለው፣ ማለት እግር፣ ሳይፍ በአማርኛም ሰይፍ ከምንለው ቃል የመጡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሳይፍ ዛሬ የቆመው በእግሩ ስፍራ ነው፤ ስሙ ከሰይፉ ላይ ተነሥቶ ወደዚያ ሄደ። ሚንታካና አልኒታክ መታጠቂያ፣ በመካከላቸው ያለው አልኒላም በክር የተሰካ ዕንቊ ማለት ናቸው። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ቤተልጌዝ ነው። ዐረቦቹ «የድ አል ጀውዛ»፣ የጀውዛ እጅ ይሉት ነበር፤ የድ የግእዙ እድ ዘመድ ነው። በዐረብኛ ጽሕፈት ግን በቃል መጀመሪያ የ እና በ የሚለዩት ከሥር በሚደረግ ነጥብ ብቻ ነው፤ ሁለት ነጥብ ያለው የ፣ አንድ ነጥብ ያለው በ ይሆናል። በመካከለኛው ዘመን ወደ ላቲን ሲመለስ አንዲት ነጥብ ጠፋችና የድ የነበረው ቤድ ሆነ። ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ የመጡ ሊቃውንት ደግሞ ትርጉም የሌለውን ቃል ለማቃናት ሲሉ «የጀውዛ ብብት» ማለት መሆን አለበት ብለው ሌላ ስሕተት ጨመሩበት። በብራና ላይ ቅጥል ሳይቀጥል ካዕቡን ግእዝ አድርጎ የጻፈ ጸሐፊ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቁ አባቶች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም፤ በምድር ላይ ካሉ ኮከብ ተመልካቾች ሁሉ ማንም ያንን ነጥብ እስከ ዛሬ አልመለሰም።

በምዕራብ አገሮች ሕዝቡ ሦስቱን የዝናር ከዋክብት ሦስቱ ነገሥታት ብሎ ይጠራቸዋል፤ ከምሥራቅ መጥተው ለሕፃኑ የሰገዱት ሰብአ ሰገል ማለታቸው ነው። በልደት ሰሞን ማምሻውን በምሥራቅ ስለሚወጡ የተሰጣቸው የፍቅር ስም እንጂ፣ ሰብአ ሰገልን የመራው ኮከብ እነርሱ ናቸው የሚል ትምህርት ከዚህ አይወጣም።

ስለ ስሞቹ ይህን ያህል ከተባለ፣ ከዋክብቱ ራሳቸው ምንድን ናቸው? በአንድ መልክ የተሳሰሩ ቢመስሉም በእርግጥ ጐረቤቶች አይደሉም። ርቀታቸው የሚለካው በብርሃን ዓመት ነው፤ ይኸውም ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው 9 ተኩል ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቤላትሪክስ 250 የብርሃን ዓመት ያህል ሲርቅ ሪጀል 860 ገደማ ይርቃል። ስለዚህ ዛሬ ሌሊት ከሪጀል ወደ ዐይን የሚገባው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው በላስታ የዛግዌ ነገሥታት ሲገዙ ነው። ሰው የሚመስለው ቅርጽ ከምድር ለሚመለከት ብቻ ነው፤ ከሌላ ስፍራ የሚያይ ቢኖር አዳኙንም እረኛውንም አያገኝም።

ቤተልጌዝ በሰው ዘንድ እጅግ ከተመረመሩት ከዋክብት አንዱ ነው። ከፀሐይ በቀር የአንድ ኮከብ ስፋት ለመጀመሪያ ጊዜ የተለካው በእርሱ ነው፤ በ1920 ማይክልሰንና ፒስ በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ላይ ለኩት። የፀሐይን ስፋት ሰባት መቶ ጊዜ ያህል ያጥፋል፤ በፀሐይ ስፍራ ቢቀመጥ ምድርንና ማርስን ይውጥ ነበር። ርቀቱ ከ500 እስከ 700 የብርሃን ዓመት እንደሚሆን ይገመታል። ቀላ ማለቱ ስለ ሙቀቱ ይናገራል፤ በቀጥቃጭ ምድጃ ያለ ብረት አስቀድሞ ቀልቶ ሲበረታ ነጭ እንደሚሆን፣ ቀዩ ቤተልጌዝ ከሰማያዊው ሪጀል ይልቅ የቀዘቀዘ ነው። ታላላቅ ከዋክብት ነዳጃቸውን ቶሎ ይጨርሳሉ፤ ፀሐይ 4,600 ሚሊዮን ዓመት ኖራ ገና በመካከለኛ ዕድሜዋ ሳለች፣ ቤተልጌዝ ዐሥር ሚሊዮን ያህል ዓመት ብቻ ኖሮ ወደ ፍጻሜው ቀርቧል።

በ2019 መጨረሻ ይህ ኮከብ በድንገት መደብዘዝ ጀመረ። በየካቲት 2020 ከወትሮው ብርሃኑ ከሢሶ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ቀረው፤ መሣሪያ የሌለው ሰው እንኳ በዐይኑ ለየው። ሊፈነዳ ነው የሚል ወሬም በብዙ አገር ተሰማ፤ ዘመኑ የወረርሽኝ መጀመሪያ ስለ ነበር ለአንዳንዶች ምልክት መሰላቸው። ኮከቡ ግን በሚያዝያ ወደ ቀድሞ ብርሃኑ ተመለሰ። በ2021 የታተመው ምርመራ እንዳስረዳው ኮከቡ ከራሱ ገላ ጋዝ ተፍቶ ነበር፤ ጋዙም ቀዝቅዞ ትቢያ ሆነና እንደ መጋረጃ ጋረደው። ፍንዳታው አይቀርም፤ ዛሬም ሆነ ከአንድ መቶ ሺህ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ርቀቱ ስለሚጠብቃት በምድር ላይ ጉዳት አያመጣም። በዚያን ጊዜ ግን በቀን ይታያል። እንዲህ ያለ ነገር በዚያው ሰፈር፣ በሠውር ቀንድ አጠገብ፣ በ1054 ሆኖ ነበር፤ የሮምና የቁስጥንጥንያ አብያተ ክርስቲያናት በተለያዩበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። የቻይና ሰማይ ተመልካቾች ያ ኮከብ ለ23 ቀን በፀሐይ ብርሃን ሳይቀር ይታይ እንደ ነበር ጽፈዋል።

አንዱ ማኅበር ሞት የቀረበውን ኮከብ በትከሻው ይዞ ሳለ፣ በሰይፉ ላይ ደግሞ የሚወለዱትን ይዟል። ከሰይፉ ከዋክብት መካከለኛው በጨለማ ስፍራ ሲታይ እንደ ሌሎቹ የጠራ ነጥብ ሳይሆን ጭጋግ የከበበው ይመስላል። የሩቅ ማሳያ መነጽር በተፈለሰፈ በጥቂት ጊዜ፣ በ1610፣ ፔይሬስክ የተባለ ፈረንሳዊ ይህን ደመና አየው። ጋሊሌዎ በ1617 በዚያው ስፍራ ሦስት ተቀራራቢ ከዋክብትን ለይቶ ሥሏል፤ ደመናውን ግን ሳያነሣ አለፈ። የሆላንዱ ሰው ሃይገንስ በ1659 ሥዕሉን አሳተመ። በ1880 የአሜሪካው ሐኪም ሄንሪ ድሬፐር ፎቶግራፍ አነሣው፤ ከእንዲህ ያሉ ደመናዎች ሁሉ ፎቶግራፍ የተነሣ የመጀመሪያው ይህ ነው። ከምድር 1,340 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ሃያ አራት ዓመት ገደማ ይጓዛል። በእውነቱ የሃይድሮጅን ጋዝና የትቢያ ክምችት ነው፤ ጋዙ በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ እየተሰበሰበ ሲሞቅ ኮከብ ይሆናል። በመካከሉ ያሉት አራት ብርቱ ከዋክብት ገና ወጣቶች ሲሆኑ፣ ደመናው የሚያበራውም ከእነርሱ በሚወጣ ጨረር ነው። ከ1990 በኋላ ሀብል የተባለው የጠፈር መነጽር በደመናው ውስጥ በአዲስ ከዋክብት ዙሪያ የሚሽከረከሩ የትቢያ ሰሌዳዎችን አሳየ፤ ምድርና ወንድሞቿ የሆኑት ሌሎች ዓለማትም ከእንዲህ ያለ ሰሌዳ እንደ ተገኙ ይታመናል። ከዝናሩ በግራ ጫፍ ካለው ከአልኒታክ በታች የፈረስ ራስ የሚባል ጥቍር ደመና አለ፤ በ1888 በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ በሀርቫርድ ትሠራ የነበረችው ዊልያሚና ፍሌሚንግ አገኘችው። ያለ ብርቱ መሣሪያ ግን አይታይም።

በመጨረሻ በኢዮብ 38 ስላለው ማሰርና መፍታት አንድ ነገር ይባል። አንዳንድ ሰባክያን ሰባቱ ከዋክብት በእርግጥ በስበት ኀይል የተሳሰሩ፣ የኦሪዮን ዝናር ከዋክብት ግን የሚለያዩ ስለ ሆኑ መጽሐፉ የዛሬውን ምርምር አስቀድሞ ተናግሯል ይላሉ። አሳቡ ከመልካም ፈቃድ የመጣ ቢሆንም መጽሐፉን ማስገደድ ነው። ማሰሪያ ተብሎ የተተረጐመው የዕብራይስጥ ቃል ራሱ አከራካሪ ነው። ሰባቱ ከዋክብትም፣ በመነጽር ሲቈጠሩ ከሺህ በላይ የሆኑት፣ ለዘለዓለም የታሰሩ አይደሉም፤ በሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተበታትነው ያልቃሉ ተብሎ ይገመታል። በዚያ ምዕራፍ እግዚአብሔር ኢዮብን የጠየቀው ታውቃለህን ብቻ ሳይሆን ትችላለህን ብሎ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ቢበዛም ሚንታካን ከስፍራው ያነሣ እስከ አሁን አልተገኘም።

ኦሪዮን በግንቦትና በሰኔ ከፀሐይ ጋር ስለሚውል አይታይም። በሐምሌ አጋማሽ በንጋት ይመለሳል፤ ለፍልሰታ ጾም ወደ ኢየሩሳሌም የመጣ ተሳላሚ ለሰዓታት ሲነሣ፣ ሰማዩ ሳይቀላ፣ በደብረ ዘይት በኩል ሦስቱ የዝናር ከዋክብት አንዱ ከሌላው በላይ ቀጥ ብለው ሲወጡ ያገኛቸዋል።